ቀለም የቆጠረ ካርታ

ገና ተማሪዎች ሳለን፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችን መረጃ ፍለጋ ወደ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ጎራ ብለን ነበር። ስሙን አንጠራውም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ወደኋላ ታያላችሁ። ግድግዳው ላይ የወረዳው ካርታ ተለጥፏል። የትኛው ቀበሌ ሰብሉ ደህና እንደያዘ፣ የትኛው እንደተጎዳ የሚያሳይ ካርታ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ፎቶ ኮፒ ነው።

«ኦሪጂናሉ ባለ ቀለም ነበር» አሉን ባለሙያው፤ «አረንጓዴው ደህና ነው፤ ቢጫው መካከለኛ፤ ቀዩ የተጎዳ።»

እኛ የምናየው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጠቆረ ግራጫና የነጣ ግራጫ። ቢጫው ነጣ ብሎ መሀል ላይ ተቀምጧል። አረንጓዴውና ቀዩ ደግሞ እንደ መንታ ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ጠቁረዋል። ጠግቦ ያደረው ቀበሌና ጦሙን ያደረው ቀበሌ አንድ መልክ ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«ታዲያ የተጎዳው የቱ ነው?» አልናቸው። ባለሙያው ጠጋ ብለው አዩ፤ ራቅ ብለው አዩ፤ ከዚያ ሳቁ። «እሱን የሚያውቀው ኦሪጂናሉ ነው!» እኛም አብረን ሳቅን። ከቢሮው ወጥተን መንገድ ስንጀምር ግን ሳቁ ጠፋብን። በዚያ ካርታ ላይ ተመሥርቶ እህል የሚጫን መኪና ቢኖርስ? ሾፌሩ በየት በኩል ይታጠፋል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርታ ባየን ቁጥር የምንጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። «ይኼ ቦታ የት ነው?» ማለቱን ትተን «ይኼን ቀለም የመረጠው ማን ነው?» ማለት ጀመርን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ሁለት መቶ ዓመት ወደኋላ ወስዶ፣ ከጀርመን አገር አዙሮ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት አውርዶ ዛሪማ ላይ ጣለን።

ቀለም ማለት ምን ማለት ነው?

በእኛ ቋንቋ «ቀለም» ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ነው። የግድግዳው ቀለም አለ። ከብዕሩ ጫፍ የሚንጠባጠበው ቀለም አለ። ተማሪው የሚቆጥረው ቀለምም አለ፤ የተማረን ሰው «ቀለም የቆጠረ» እንላለን። የድሮ ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ ሲጽፉ ጥቁሩን ለዋናው ንባብ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መግቢያ ያውሉት ነበር። ቀዩ ለጌጥ የገባ አልነበረም። አንባቢው ቀዩን ባየ ጊዜ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ቀለሙ ሕግ ነበረው፤ ሕጉንም ጸሐፊውና አንባቢው እኩል ያውቁታል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ካርታ ግን ለረጅም ጊዜ ቀለም አልቆጠረም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በአክሱም አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥቶ በደባርቅ በኩል ጎንደር ገባ። እኛ ዛሬ በመኪና የምንወርደውን አቀበት እሱ ዕቃውን በሰውና በእንስሳ አስጭኖ ነው የወጣው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1790 ታትሞ ሲወጣ ካርታው በመዳብ ላይ የተቀረጸ ጥቁር መስመር ነበር። በዚያ ዘመን ካርታዎች ላይ ተራራ ማለት የጭረት ክምር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት አባጨጓሬ ይመስላል። ተራራ መኖሩን ይነግራችኋል፤ ቁመቱን ግን አይነግራችሁም።

ቁመቱ የመጣው በኋላ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1832 ስሜንን ሲያቋርጥ ከፍታ እየለካ ነበር የሚሄደው። (ዋልያን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀውም እሱ ነው።) እንዲህ ዓይነት ቁጥር ከየአገሩ ሲከማች አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ ይኼን ሁሉ ቁጥር አንድ ወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ እንዴት እናሳየው? መልሱ ቀለም ሆነ።

አረንጓዴው ከየት መጣ?

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የነበረውን የኢትዮጵያን ካርታ አስቡት። መሀሉ ቡናማ ነው፤ ዙሪያው ቢጫ፤ ዝቅ ያለው ቦታ ሁሉ አረንጓዴ። ስንቶቻችን ነን «አረንጓዴው ለም፣ ቡናማው ደረቅ» ብለን ያደግነው? እኛ ነን! ኦጋዴን አረንጓዴ ነው፤ ደንከል ከሁሉም የባሰ አረንጓዴ ነው፤ ስሜን ደግሞ ቡናማ። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዳሎል ጨው ሜዳ፣ በምድር ላይ ከሚታወቁት እጅግ ሞቃት ቦታዎች አንዱ፣ በካርታው ላይ የጎመን ማሳ መስሎ ነበር የሚታየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ከፍታን በቀለም ለማሳየት ይከራከሩ ነበር። ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ፎን ሃውስላብ «ከፍ ባለ ቁጥር ይጥቆር» የሚል ሥርዓት አቀረበ። ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ሲዶ ደግሞ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ጎታ ከተማ ባሳተማቸው የትምህርት ቤት ካርታዎችና አትላሶች ቆላውን አረንጓዴ፣ ደጋውን ቡናማ አደረገው። ለእሱ አገር ትክክል ነበር። የሰሜን ጀርመን ዝቅተኛ ሜዳ እርጥብና ሣር የለበሰ ነው፤ ተራራው ደግሞ ድንጋይና በረዶ። ለጀርመን ልጅ አረንጓዴው ቆላ የሚያውቀው ቆላ ነው። ቀጥሎ የስኮትላንዱ ባርቶሎሚው የካርታ ቤት ይህንኑ የቀለም ደረጃ በእንግሊዝኛ አትላሶች አስፋፋው። ቪየና የነበረው ካርል ፖይከርም እ.ኤ.አ. በ1898 የራሱን የቀለም ንድፈ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። አረንጓዴው ቆላ እንደዚህ በመርከብ ተጭኖ ዓለምን ዞረ። እኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን «ይኼ ቀለም ከፍታን እንጂ ልምላሜን አይናገርም» ብሎ የነገረን አልነበረም። (ካርታው ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። ማን ያነበዋል?)

ይህንን በአካል ለማየት ሚያዝያ ላይ ከደባርቅ ተነሥተን ወደ ዛሪማ ወረድን። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ጠዋት ጋቢ ያስፈልጋችኋል። ሊማሊሞ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ መንገዱ እንደ ተፈታ መቀነት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመኪና የቆረጡት በ1930ዎቹ ጣልያኖች ናቸው። በእያንዳንዱ ኩርባ አንድ ልብስ እናወልቃለን። ዛሪማ ስንደርስ ጋቢው ተጠቅልሎ መቀመጫ ሆኗል። በአትላሱ ሕግ ከቡናማው ወጥተን፣ በቢጫው አልፈን፣ ወደ ተከዜ አረንጓዴ እየቀረብን ነው። ዓይናችን የሚያየው ግን የደረቀ ሣር፣ ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍና የተሰነጠቀ መሬት ነው። ክረምት ሲገባ እንደሚለመልም እናውቃለን፤ ያን ቀን ግን ቡናማው እዚህ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አየን። ከሊማሊሞ ጫፍ ሆናችሁ ስታዩ ቅርብ ያለው ገደል ጥርት ብሎ ይታያል፤ ታች ያለው ቆላ ግን በጉም መሰል ሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ይደበዝዛል። የስዊዘርላንዱ ታላቅ ካርታ ሠሪ ኤድዋርድ ኢምሆፍ (1895–1986) ዘዴውን የቀዳው ከዚህ ዓይነት እይታ ነው። ከፍታው ብሩህና ጥርት ያለ፣ ዝቅታው ሰማያዊ ግራጫና ደብዛዛ። አንድም ቦታ ለም ነው ወይም ደረቅ ነው አይልም። ዓይን በተፈጥሮው የሚያውቀውን ብርሃንና ጥላ ነው የተጠቀመው።

የስዊስ እጅ ስሜንም ደርሷል። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። በዚያው በ1978 የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የስሜንን የካርታ ሥራ በጥራዝ አሳተሙ፤ በ1:25,000 የተሠሩ ዝርዝር ካርታዎችም ነበሩበት። ከ1975 እስከ 1977 ፓርኩን በኃላፊነት የመራው ሃንስ ሁርኒ ደግሞ ስለ ተራራው የከፍታ ቀጠናዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ሰፊ ጥናት አወጣ። ስሜንን ከታች እስከ ላይ በቀጠና መክፈል ለአገሬው አዲስ አልነበረም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ማለት ከማንም ካርታ በፊት የነበረ እውቀት ነው፤ ማሽላው የት እንደሚያቆም፣ ገብሱ የት እንደሚጀምር፣ ጅብራው ከየት ወዲያ እንደሚበቅል ገበሬው ያውቀዋል። ይህ ክፍፍል ከጎታው አረንጓዴና ቡናማ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ከፍታውን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንና ሰብሉንም አብሮ ይናገራል።

«ይኼ ቀዩ ምንድን ነው ልጆቼ?»

ዛሪማ ሻይ ቤት ተቀምጠን ከተማ ሳለን ያሳተምነውን የሳተላይት ምስል ዘረጋነው። ስሜን ነው፤ ተራራው ላይ ደማቅ ቀይ ፈሶበታል። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩና «ይኼ ቀዩ ምንድን ነው ልጆቼ? ተቃጥሎ ነው?» አሉን።

«አይደለም አባባ፣ ቀዩ እኮ ለምለሙ ነው!»

«ለምለሙ?» ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ለምለሙን ቀይ ካላችሁት ደረቁን ምን ልትሉት ነው?»

መልስ አልነበረንም። ታሪኩን ግን እንንገራችሁ። ጤናማ ቅጠል ለዓይናችን አረንጓዴ ይሁን እንጂ ከሁሉ አብልጦ የሚያንጸባርቀው ዓይናችን የማያየውን ብርሃን፣ ኢንፍራሬድን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን ብርሃን በቀይ ቀለም የሚያሳይ ፊልም ተሠራ። አላማው በአረንጓዴ ቀለም የተሸፈነ ታንክን ከእውነተኛ ቅጠል ለመለየት ነበር። ታንኩ አይቀላም፤ ቅጠሉ ይቀላል። የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1972 ሲመጥቅ የወታደሩ ልማድ አብሮት ወጣ። እነሆ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ደን በቀይ የሚታይባቸው ምስሎች አሉ። ለለመደ ባለሙያ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለዛሪማው አባባ ግን ቃጠሎ ነው። የብራናውን ቀይ አስታወሳችሁ? ሕጉን ጸሐፊው ብቻ ሲያውቀው፣ አንባቢው ሳያውቀው የሚሆነው ይኸው ነው።

የማርያም መቀነት

ከቀይና አረንጓዴው የባሰ ደግሞ አለ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ሳይንቲስቱ ቁጥሩን ሁሉ በቀስተ ደመና መቀባት ጀመረ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የሙቀት ካርታ፣ የዝናብ ካርታ፣ የልብና የአንጎል ምስል፣ ሁሉም የማርያም መቀነት ታጠቀ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ምርምር አልነበረም። ማትላብ የተባለው ታዋቂ ፕሮግራም ሲከፈት የሚሰጠው ቀለም «ጄት» የሚባለው ቀስተ ደመና ነበር፤ የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሰው ደግሞ የተሰጠውን ይጠቀማል። ካፌ ገብታችሁ ስኳሩ ተጨምሮ ሻይ ሲመጣላችሁ ታወጡታላችሁ እንዴ?

ቀስተ ደመና ሲያዩት ያምራል። ለቁጥር ግን ሦስት እንከን አለበት። አንደኛ፣ ቅደም ተከተል የለውም። ነጣ ያለና የጠቆረ ግራጫ ስጧችሁ ማንም ሳያስረዳችሁ ትደረድሩታላችሁ፤ ቢጫና አረንጓዴ ስጧችሁ ግን «ማን ይበልጣል?» ለሚለው መልስ የላችሁም። ሁለተኛ፣ ቢጫው መሀል ላይ ሆኖ ከሁሉም ይበራል፤ ስለዚህ ዓይን ከፍተኛውን ትቶ መካከለኛው ላይ ያርፋል። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ በሚጨምርበት ቦታ ቀለሙ ድንገት ይለወጥና የሌለ ድንበር ይፈጥራል። በቢጫውና በቀዩ መሀል ገደል ያለ ይመስላችኋል፤ መሬቱ ግን ሜዳ ነው።

ይህ የውበት ክርክር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የልብ ደም ሥር ምስሎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በሦስት ገጽታ ተስሎ በቀስተ ደመና የተቀባው ምስል ሲቀርብ ተመልካቾቹ አደገኛ ቦታዎቹን በትክክል የለዩት 39 በመቶ ያህሉን ነው። ሥዕሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀለሙም በጥንቃቄ ሲመረጥ 91 በመቶ ደረሰ። በሽተኛው ያው ነው፤ ልኬቱ ያው ነው።

ከእኛው መካከል አንዱ

ከዚህ አምድ ጸሐፊዎች መካከል ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ወንድም አለን። ራሱ ያወቀው ለመንጃ ፈቃድ የዓይን ምርመራ ሲሄድ፣ በነጠብጣብ የተሞላች ክብ ውስጥ ቁጥር አንብብ ተብሎ «የቱ ቁጥር?» ያለ ቀን ነው። ያችን የነጠብጣብ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1917 ያዘጋጀው ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1794 የራሱን ዓይን ጉዳይ ለጉባኤ አቅርቦ ነበር። «ስሞት ዓይኔን መርምሩት» ብሎ ተናዝዞ፣ የተቀመጠው ዓይኑ ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ በዘረመል ምርመራ ችግሩ ተረጋገጠ።

ችግሩ በዘር ይተላለፋል፤ ወንዶችን አብዝቶ ይነካል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ ገደማ አለበት፤ በአገራችን ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው። ቢያንስም ግን ሰዎች ናቸው። ወንድማችን የዚያን ወረዳ ካርታ ኦሪጂናሉን እንኳ ቢያገኝ አረንጓዴውና ቀዩ ይመሳሰሉበታል። ለእሱ ዓለም ሁልጊዜም በከፊል ፎቶ ኮፒ ናት።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 መጨረሻ ስሜን ፓርክ ውስጥ እሳት ተነሣ። ሣሩና አስታው ነደደ፤ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ተፋለመው፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ተቃጠለ። እንዲህ ዓይነት ቃጠሎ ዛሬ ከሳተላይት ይለካል። የጉዳቱ ካርታ ታዲያ በተለምዶ ያልተነካውን በአረንጓዴ፣ ክፉኛ የተቃጠለውን በቀይ ነው የሚያሳየው። የወንድማችን ዓይነት ዓይን ያለው ባለሙያ ቢሮ ተቀምጦ ቢያየውስ? ወይም ያ ካርታ በፎቶ ኮፒ ማሽን አልፎ ወረዳ ቢደርስ?

ደጉ ነገር፣ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አሜሪካዊቷ የጂኦግራፊ ምሁር ሲንቲያ ብሩወር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለካርታ የሚሆኑ፣ የተፈተኑ የቀለም ስብስቦችን ለማንም በነጻ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ2015 «ቪሪዲስ» የሚባል፣ ከጥቁር ሐምራዊ ተነሥቶ በአረንጓዴ በኩል ወደ ደማቅ ቢጫ እኩል እየበራ የሚሄድ ቀለም ተሠራ፤ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይም፣ ለፎቶ ኮፒም ይሆናል። ፋቢዮ ክራሜሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንቲስቶች ቀስተ ደመናን እንዲተዉ በታወቀ መጽሔት ላይ ተማጸኑ። ሌላው ቀርቶ የምግብ ዋስትናን በአምስት ደረጃ የሚከፍለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሶማሊያ ተዘጋጅቶ በኋላ ዓለም አቀፍ የሆነውን መለኪያ ተመልከቱ። እሱም አረንጓዴና ቀይ ይጠቀማል። ግን አረንጓዴው እጅግ የነጣ ነው፤ ከዚያ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ በመጨረሻም ረሃብ ጥቁር ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ነገሩ በከፋ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል። ፎቶ ኮፒ ብታደርጉት እንኳ የከፋው ከፍቶ ይታያል።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ያን ጊዜ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ በቲቪ አይተን አጨብጭበናል። ነገር ግን ሳተላይት የሚሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ቀለም የሚያለብሰው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም እንደ እኛ ያለ ወጣት ምሩቅ ነው። እናም ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል ነገ ካርታ የምትሠሩ፣ ሪፖርት የምታዘጋጁ፣ ጋዜጣ ላይ ግራፍ የምታወጡ አላችሁና ሦስት ነገር እንለምናችሁ። የሚጨምር ነገር ስታሳዩ ቀለሙም ከነጣው ወደ ጠቆረው ይጨምር። ቀለም ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ቁጥር ወይም ጭረት ጨምሩበት። ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ እዩት።

እኛ አድርገነዋል። የወረዳውን ካርታ መረጃ ከመመረቂያ ጽሑፋችን ማኅደር አወጣንና ከነጣ ቢጫ እስከ ጠቆረ ቡናማ ባለው ቀለም እንደገና ቀባነው፤ በየቀበሌውም ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ጻፍንበት። ከዚያ ፎቶ ኮፒ አደረግነውና ለወንድማችን ሰጠነው። ጥቂት አየና ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«የተጎዱት እነዚህ ናቸው» አለ። ትክክል ነበር።